ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ዴስክቶፕ፦ ላስገጥም ወይስ የተገጠመውን ልግዛ?

ሰርግ ቀራጭ

ሰላም ለዚህ ቤት። ለሰርግ፣ ለመልስና አልፎ አልፎ ለማስታወቂያ ሥራ የሚሆን ዴስክቶፕ ልገዛ ነው። ካሜራዎቹ ሁለት ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 እና አንድ ኤ7 ማርክ 4 ናቸው። ቆረጣው ፕሪሚየር ላይ፣ ከለሩ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ነው። ቢሮው ስታዲየም አካባቢ ፎቅ ላይ ሲሆን ሕንፃው ጄኔሬተር አለው። ከፊቴ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ማስገጠም፣ የታሸገ አዲስ የጌሚንግ ዴስክቶፕ፣ ወይም ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ወርክስቴሽን (ኤችፒ ዜድ440 ታይቷል)። የጥር ሰርግ ሳይገባ መወሰን አለብኝ። ዋጋ አልጠይቅም፣ በየሳምንቱ ይቀየራል። በምን በምን ልመዝናቸው?

ባለመፍቻ

ከሦስቱ አንዱን ከማንሳትህ በፊት ካሜራው ምን ዓይነት ፋይል እንደሚሰጥህ እይ። ሰው ሁሉ "ስንት ኮር፣ ስንት ጂቢ" ይላል እንጂ ታይምላይን ላይ ማሽኑን የሚያንቀው ዲኮዲንጉ፣ ማለትም የተጨመቀውን ቪዲዮ መፍታቱ ነው። ማርክ 3ቱ 4ኬ ሲቀርጽ ኤች.264 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት)፣ 8 ቢት፣ 4:2:0 ነው፤ ጣሪያው በሰከንድ 100 ሜጋቢት። ይህን ባለፉት ብዙ ዓመታት የወጣ ግራፊክስ ካርድ ሁሉ ሳይላብ ይፈታዋል። ማርክ 4ቱ ግን የበለጠ የቀለም መረጃ የሚይዘውን 10 ቢት 4:2:2ም ይቀርጻል፣ ጣጣው የሚጀምረው እሱ ጋ ነው። በየትኛው ሴቲንግ ነው የምትቀርጽበት?

ሰርግ ቀራጭ

ኤክስኤቪሲ ኤስ 4ኬ፣ 25 ፍሬም፣ 140 ሜጋቢት፣ 4:2:2 10 ቢት። ኤስ-ሎግ 3፣ ኋላ ከለር የሚሰጠው ፈዛዛው ፕሮፋይል።

ከለሯ

እንግዲያው ምርጫህ ከወዲሁ ጠቧል። ኤክስኤቪሲ ኤስ ማለት ኤች.264 ነው። ኤች.264ን በ4:2:2 10 ቢት የአርቲኤክስ 30 እና 40 ተከታታይ ካርዶች በሃርድዌር አይፈቱትም። የኢንቴል ኩዊክ ሲንክ (በፕሮሰሰሩ ውስጠኛ ግራፊክስ ያለው የቪዲዮ መፍቻ) ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ 4:2:2 10 ቢትን የሚፈታው ኤች.265 ሲሆን ነው። ሁለቱንም የሚፈታው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 50 ተከታታይ ነው። ሌላው ካርድ ላይ ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ሦስት ካሜራ መልቲካም ስትከፍት ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ገብቶ ግራፊክስ ካርዱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። "ይሄን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ለምን ይንተፋተፋል" የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ ከዚህ የሚመጣ ነው።

"ካሜራውን ወደ ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ ልቀይረው፣ ኤች.265 ይሆንልኛል" እንዳትል ደግሞ፣ ማርክ 4 በፓል ሞድ 4ኬ ኤችኤስን የሚሰጥህ በ50 ፍሬም ብቻ ነው። 25 የለውም። 24 ፍሬም ከፈለግህ ወደ ኤንቲኤስሲ መዞር አለብህ፣ ያኔ ደግሞ ከሁለቱ ማርክ 3 ጋር ፍሬምህ አይገጥምም፤ ሦስቱንም አብረህ ካላዞርክ በቀር።

አራዳ ፍሬም

8 ቢት ላይ አድርጎት ቢገላገልስ? ለሰርግ ማን ያየዋል?

ከለሯ

ኤስ-ሎግ 3ን በ8 ቢት? በጭራሽ። ከመድረኩ ጀርባ በኤልኢዲ የበራውን ልሙጥ ግድግዳ ከለር ስትሰጠው መስመር መስመር ይሠራል፤ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ላይ ያለው ጥላም ይቆራረጣል። 8 ቢት ከሆነ ሎጉን ትቶ በተራ ፒክቸር ፕሮፋይል ወይም በኤስ-ሲኔቶን መቅረጽ ይሻላል። እንደዚያ ከሆነ ያገለገለውም ማሽን ዕድል ያገኛል።

የዱባይ ሳጥን

ያገለገለውን ባታቃልሉት። ዜድ440 እኮ ስምንት የራም ቀዳዳ አለው፣ ባለ 700 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያለው እንደ ልብ ይገኛል፣ አገልጋይ ማሽን ላይ የሚሠራው ኢሲሲ ራም ደግሞ ከአዲሱ ዲዲአር5 ጋር በዋጋ አይገናኝም። በተለይ ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የአዲስ ራም ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ከነካ በኋላ 64 ጂቢ አዲስ ራም የሚከፈልበት ገንዘብ ሙሉ ያገለገለ ሳጥን ሊያስገዛ ምንም አልቀረውም። ሳጥኑም ብረት ነው፣ ያለ መፍቻ ይከፈታል።

ባለመፍቻ

ብረትነቱን ማን ካደ። ግን ሙሉውን እንናገር።

አንደኛ፣ ዜድ440 ላይ ያለው ዚዮን ኢ5 ቪ3 ወይም ቪ4 ነው፤ በውስጡ ግራፊክስ የለውም፣ ስለዚህ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ነገር የለም። ዲኮዲንጉ ሙሉ በሙሉ በምትጨምረው ካርድ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛ፣ የካርድ ቀዳዳው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ነው። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ የሚጠቀመው 8 ሌን (የዳታ መስመር) ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ስትሰካው የመተላለፊያው ስፋት በጣም ይጠባል፤ ይሠራል፣ ግን የከፈልክበትን ያህል አይሰጥህም። ለዚያ ሳጥን የሚስማማው ባለ 16 ሌኑ አርቲኤክስ 3060፣ 12 ጂቢው ነው። እሱ ደግሞ 4:2:2 አይፈታም። ሦስተኛ፣ የፓወር ሰፕላዩና የማዘርቦርዱ ቅርጽና ሶኬት የኤችፒ የራሱ ነው። ፓወር ሰፕላዩ በጥር መሀል ቢቃጠል መርካቶ ወርደህ ተራውን ገዝተህ አትሰካም፣ ሌላ ዜድ440 አርደህ ነው የምታገኘው። ለካርዱ የሚወጡት ገመዶችም ባለ 6 ፒን ናቸው፤ ብዙዎቹ 3060ዎች 8 ፒን ስለሚፈልጉ አስማሚ ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ማይክሮሶፍት እነዚህን ፕሮሰሰሮች በዊንዶውስ 11 ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባቸውም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዞር ብሎ የሚጭነው ሰው ሞልቷል፣ የሚያወጣው መዘዝ ግን ያንተ ነው።

ስለዚህ ዜድ440 የሚያዋጣው ፋይሉ 8 ቢት ለሆነ ወይም ሁሉን ነገር በፕሮክሲ (በቀለለ የቪዲዮ ቅጂ) ለሚቆርጥ ሰው ነው። ለሌላው ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

የዱባይ ሳጥን

ፕሮክሲውን እኮ እንደ ቅጣት አታውሩት። ፕሮሬስ ፕሮክሲ በ1080 በ25 ፍሬም በሰከንድ 38 ሜጋቢት ገደማ ነው፣ ሰዓቱ 17 ጂቢ። ማታ ማሽኑን ፕሮክሲ እንዲሠራ አዝዘህ ትሄዳለህ፣ ጠዋት ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ኤክስፖርት ሲደረግ ወደ ኦሪጅናሉ ይመለሳል።

ከለሯ

እውነቱን ነው። ፕሮክሲ የማይረዳህ ከለር ላይ ነው፤ ኖይዝ ሪዳክሽን ስትሠራ ኦሪጅናሉን መክፈትህ አይቀርም። እሷ ደግሞ የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ ትበላለች። 4ኬ ታይምላይን ላይ በ8 ጂቢ ካርድ "ጂፒዩ ሜሞሪ ሞልቷል" የሚለውን መልእክት ደጋግመህ ታየዋለህ። ኖይዝ ሪዳክሽኑም ሆነ ለኤች.264 እና ለኤች.265 ሙሉው የሃርድዌር ድጋፍ የሚገኘው በስቱዲዮው ስሪት ነው፣ 295 ዶላር። ነፃው ከ3840 በ2160፣ ከ60 ፍሬም በላይ አያወጣም፤ እሱ ለሰርግ ከበቂ በላይ ነው፣ ችግሩ ፋይል አከፋፈቱ ላይ ነው። በጀት ስትይዝ ይህን 295 ከዕቃው እኩል ቁጠረው። ጥቂት ኮር መጨመር ከሚያመጣልህ ለውጥ ይበልጣል።

አዲስ ጀማሪ

የታሸገው አዲሱስ? ሌጂየን፣ ኦሜን የሚባሉት። ሳጥኑን ፈትቶ መሰካት ብቻ ነው፣ ዋስትናም አለው።

ባለመፍቻ

ዋስትናው የት ነው የሚሠራው? ከዱባይ የመጣ ዕቃ ላይ የተጻፈ ዋስትና የሚጠቅመው ዱባይ ላለ ሰው ነው። እዚህ ያለህ ዋስትና ሱቁ በደረሰኙ ላይ የጻፈልህ ነው፣ እሱን አንብብ።

የታሸገ ዴስክቶፕ ስትገዛ የጎን ክዳኑን አስከፍተህ አራት ነገር ተመልከት። ራሙ አንድ ፍሬ ነው ወይስ ሁለት? ብዙ ጊዜ 16 ጂቢ በአንድ ፍሬ ይመጣል፤ የሜሞሪው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ስንት ዋት ተጽፏል? 350 ወይም 400 ከሆነ ነገ ካርድ ለመቀየር መላወሻ የለህም። ማዘርቦርዱ መደበኛ ኤቲኤክስ ወይም ማይክሮ ኤቲኤክስ ነው ወይስ የኩባንያው የራሱ ቅርጽ? የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ "ኤፍ" የምትል ፊደል አለች? ካለች ውስጠኛው ግራፊክስ የለም፣ ኩዊክ ሲንክ የለም። የጌሚንግ ማሽን ላይ "ኤፍ" የተለመደ ነው፣ ለተጫዋች ምኑም አይደለም፤ ለኤዲተር ግን ሁለተኛው የዲኮዲንግ ሞተር ነው የቀረበት።

አራቱንም ካለፈ ግዛው፣ ክርክር የለኝም። በተለይ የራም ዋጋ እንዲህ በናረበት ወቅት፣ አስመጪው በድሮው ዋጋ ያስገባው የታሸገ ማሽን ለየብቻ ከተገዛው ዕቃ ድምር ሊረክስ ይችላል። ይህን ሳያሰላ "ማስገጠም ሁልጊዜ ይረክሳል" የሚል ሰው የድሮ ዘመን ምክር ነው የሚሰጥህ።

ሰርግ ቀራጭ

እሺ፣ ባስገጥም ዝርዝሩ ምን ይሁን? 10 ቢቱን አለቅም።

ባለመፍቻ

ለአንተ ፋይል እንዲህ ነው፦

ፕሮሰሰር፣ ኮር አይ5-14500። 14 ኮር፣ 20 ትሬድ፣ በውስጡ ዩኤችዲ 770 ግራፊክስ አለ። ከ12400 እና ከ13400 የምለየው በዚህ ነው፤ እነዚያ ዩኤችዲ 730 ናቸው፣ የሚዲያ ሞተራቸው አንድ ነው፣ የ770ው ሁለት። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ አይ7 እና አይ9 ያገለገለ ካየህ ግን ተጠንቀቅ። ቮልቴጃቸው ከልክ እያለፈ ቀስ በቀስ የሚበላሹበት ችግር ነበር፤ ኢንቴል በ2024 የማይክሮኮድ ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው የሚገባው ባዮስ ሲታደስ ነው፤ አስቀድሞ የተጎዳውን ቺፕ ደግሞ አያድነውም። አዲስም ብትገዛ የመጀመሪያው ሥራ ባዮስ ማደስ ይሁን።

ግራፊክስ ካርድ፣ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ፣ ባለ 16 ጂቢው። በተመሳሳይ ስም ባለ 8 ጂቢ አለ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታይ አትክፈል። 180 ዋት ነው።

ማዘርቦርድ፣ ቢ760፣ ሁለት ኤም.2 (የኤስኤስዲ) ቀዳዳ ያለው። አራት ራም ቀዳዳ ቢኖረው ይመረጣል፣ ግን ዲዲአር5 ከሆነ አራቱንም አትሙላ፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ከመጀመሪያው 2 በ16 ወይም 2 በ32 አድርገው። 32 ጂቢ ለፕሪሚየር ይበቃል፤ አፍተር ኢፌክትስ ከተጨመረ 64።

ፓወር ሰፕላይ፣ 650 ዋት፣ ጎልድ ቢሆን። ብሮንዝም ስሙ የታወቀ ከሆነ ይሆናል። ከኬዝ ጋር "በነፃ" የሚመጣውን እዚያው ተወው።

ኬዝ፣ ፊቱ ወንፊት የሆነ። መስታወት የተለጠፈበት ያምራል፣ አየር አያስገባም።

ኤኤምዲ ማንሳት የሚፈልግ ካለ፦ ካርዱ የ50 ተከታታይ እስከሆነ ድረስ የኩዊክ ሲንክ ጉዳይ ስለሚቀር ራይዘንም ጥሩ ነው። የኤኤም5 ሶኬት ገና ዕድሜ አለው፣ የአይ5-14500ው ኤልጂኤ1700 ግን መጨረሻው ላይ ደርሷል፤ ማሻሻያ የሚያስብ ሰው ይህን ይመዝን። ለሰርግ ቀራጭ ኢንቴልን ያልኩት ካርዱ ቢበላሽ እንኳ በውስጠኛው ግራፊክስ ቆረጣው ሳይቆም እንዲቀጥል ነው።

ከለሯ

ዲስኩን ዘለልከው፣ ወንድሜ።

በሂሳብ እንየው። 100 ሜጋቢት ማለት በሰዓት 45 ጂቢ ነው፣ 140ው 63 ጂቢ። ሦስቱ ካሜራ አብረው 153 ጂቢ በሰዓት። ከሙሽራው ቤት እስከ አዳራሽ 5 ሰዓት ብትቀርጽ 765 ጂቢ። የመልሱን ድግስ አልቆጠርኩትም። ሦስቱ ሲነበቡ በሰከንድ 42 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ወረቀት ላይ ተራ ሃርድ ዲስክ ይችለዋል፤ ግን ጭንቅላቱ በሦስት ፋይል መሀል ሲመላለስ ይደነቃቀፋል፣ ስትጎትተው መልቲካሙ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዊንዶውስና ፕሮግራሙ በአንድ ኤንቪኤምኢ፣ በፈጣኑ ኤስኤስዲ (500 ጂቢ ወይም 1 ቴራ)፣ በእጅ ያለው ሥራና ካሹ በሌላ 2 ቴራ ኤንቪኤምኢ፣ ያለቀው ሥራ ደግሞ በሃርድ ዲስክ። ሃርድ ዲስኩ ሲኤምአር የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ኤስኤምአሩ ከሞላ በኋላ ስትጽፍበት ይንፏቀቃል።

ኤንቪኤምኢ ሁሉ እኩል አይደለም። ለምሳሌ ክሩሻል ፒ3 ኪውኤልሲ (ርካሹ የሜሞሪ ዓይነት) ነው፤ የ1 ቴራው የጽሕፈት ዋስትና 220 ቴራባይት ብቻ ነው። ለማንበብ ይሆናል። በየሳምንቱ 765 ጂቢ ለሚገለበጥበት ቤት ግን ፈጣኑ ክፍል ሲሞላበት ፍጥነቱ ከሃርድ ዲስክ በታች ሲወርድ ታየዋለህ። ቲኤልሲ የተጻፈበትን ፈልግ።

ማንም የማያነሳው ደግሞ ካርድ ሪደር። 765 ጂቢን በተራ ሪደር በሰከንድ 90 ሜጋባይት ስትገለብጥ ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ነው። ካርዱ ዩኤችኤስ-2 ከሆነና ሪደሩም ከሆነ፣ በ250 ሜጋባይት 51 ደቂቃ። የአንድ ምሽት እንቅልፍ በትንሽ ዕቃ።

ፌዝና ኑትራል

ሁላችሁም ስለ ሳጥኑ ትጨነቃላችሁ፣ ከግድግዳው ስለሚገባው ማንም አልጻፈም። ኮምፒውተሩ የሚሞተው በመብራት ነው፤ መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ።

መጀመሪያ ኧርዙን ለካ። ሜትር ካለህ ራስህ፣ ካልሆነ ኤሌክትሪሺያን ጥራ፤ ባለ 220 ቮልት ሶኬት ነውና ያላወቀ እጁን አያስገባ። በፌዝና በኑትራል መካከል 220 አካባቢ፣ በፌዝና በኧርዝ መካከልም እንዲሁ፣ በኑትራልና በኧርዝ መካከል ደግሞ ከ2 ወይም 3 ቮልት ያልበለጠ ማየት አለብህ። ኧርዙ ካልተያያዘ የፓወር ሰፕላዩ የውስጥ ማጣሪያ ኬዙን በ110 ቮልት አካባቢ ያንሳፍፈዋል፤ ስትነካው ጣትህን "ዝርዝር" የሚያደርግህ እሱ ነው። ገዳይ ጅረት አይደለም፣ ግን ስፒከርህ ላይ ኸምታ ያመጣል፣ ዩኤስቢ ስትሰካ ብልጭ ይላል፣ የካፕቸር ካርድና የኤችዲኤምአይ ፖርት ያቃጥላል። ባለ ሁለት እግር ማከፋፈያ ከተጠቀምክ የሕንፃው ኧርዝ ጥሩ ቢሆንም ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ዩፒኤስ። ባለመፍቻ የጻፈውን ማሽን ልደምረው፦ ፕሮሰሰሩ ጣሪያው 154 ዋት፣ ካርዱ 180፣ ቦርድ፣ ዲስክና ፋን 60። 394። በፓወር ሰፕላዩ ብክነት ከግድግዳው 440 ገደማ ይስባል። ሁለት ሞኒተር 70 ጨምር፣ 510 ዋት። "1000 ቪኤ" የተጻፈበት ርካሽ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሰጥህ 600 ዋት ነው፤ 650 ቪኤ የሚሉት ደግሞ 400 እንኳ አይደርስም። 1500 ቪኤ፣ 900 ዋቱን ያዝ። ሙሉ ኤክስፖርት ላይ 10 ደቂቃ ገደማ ያቆይሃል፣ ጄኔሬተር እስኪነሳና እስኪረጋጋ ከበቂ በላይ ነው። ጄኔሬተር ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ ቮልቴጁም ሄርትዙም ይዋዥቃል፣ ያን ጊዜ ነው ዩፒኤሱ የሚያስፈልግህ።

ሰርግ ቀራጭ

ጋሽ ፌዝ፣ ስታብላይዘር አለኝ፣ እሱ አይበቃም?

ፌዝና ኑትራል

ስታብላይዘር መብራት ሲጠፋ ምን ያደርግልሃል? እሱ ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ አያቆይም። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ዩፒኤስ ማስተካከያውን በውስጡ ይዟል። ስታብላይዘሩን ለፍሪጅ ስጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። ርካሹ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ነው፣ ንጹሕ ሳይን አይደለም። ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመስመሩ የሚሳበውን ጅረት የሚያስተካክል ክፍል) አላቸው፤ ከአንዳንድ ደረጃ-ሞገድ ዩፒኤስ ጋር አይስማሙምና መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ጮኸ ሲባል ኮምፒውተሩ ጥፍት ይላል። ሰው "ባትሪው ሞቷል" ብሎ ባትሪ ይቀይራል፣ ያው ይሆናል። ፒዩር ሳይን ግዛ። ካልቻልክ ደግሞ ሱቁ ውስጥ እያለህ ኮምፒውተሩን ሰክተህ፣ ኤክስፖርት አስጀምረህ፣ የዩፒኤሱን መሰኪያ ከግድግዳ ንቀል። ሦስት ጊዜ። ካለፈ ውሰደው።

ሌዘር ፕሪንተርና የውኃ ማፍያ ዩፒኤሱ ላይ አይሰካም። የቢሮ ሻይ አፍይዎች ይህን ይስሙ።

አራዳ ፍሬም

ዕቃው ከውጭ በሰው ቢመጣስ? ወንድሜ ከአሜሪካ በታኅሣሥ ይገባል።

ባለመፍቻ

ቀላሉን አስመጣ፦ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤንቪኤምኢ፣ ካርዱን። ኬዝ፣ ሃርድ ዲስክና ዩፒኤስ እዚሁ ግዛ። የአሜሪካ ዩፒኤስ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ ሰክተህ ጭሱን ነው የምታየው። ፓወር ሰፕላይ ካመጣህ ተለጣፊው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ይኑርበት። ደረሰኙን ይዞ ይምጣ፣ ጉምሩክ ላይ ይጠየቃል። የታሸገ ካርድ ተበላሽቶ ቢደርስ ግን መመለሻው ሌላ ተጓዥ እስኪገኝ ነው፤ ለዚህ ነው ካርዱን እዚህ መግዛት ትንሽ ቢወደድም አንዳንዴ የሚያዋጣው።

የዱባይ ሳጥን

እዚህ ለሚገዛ ሰው፦ መርካቶም ሂድ፣ መገናኛም፣ ቦሌም፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ይዘህ አትቀመጥ። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ሱቆች ዋጋ የሚሰጡት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ፕሮፎርማው ላይ እስከ መቼ እንደሚጸና አስጽፍ። 15 ፐርሰንቱ ቫት የገባበት መሆኑንም ጠይቅ። ሲሪያል ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ አለበለዚያ በዋስትና ስትመልሰው "ይህ የእኛ አይደለም" ቢሉህ መልስ የለህም።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ስሙ ተቀይሮ የተጫነ አሮጌ ካርድ ላይ "ፌክ" ብላ ትጽፍልሃለች። ለኤስኤስዲና ለሃርድ ዲስክ ክሪስታልዲስክኢንፎ፤ "አዲስ ነው" የተባለ ዲስክ 9000 ሰዓት ሠርቶ ካሳየህ ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያየህ ዋጋ ቀንስ በለው፣ ወይም ተወው። ፍላሽና ኤክስተርናል ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ እስከ መጨረሻው ጽፎ ያነባል፣ 2 ቴራ ተብሎ 64 ጂቢ የሆነውን ያጋልጣል።

አዲስ ጀማሪ

መገጣጠሙን ራሱ ቢሠራውስ? ከባድ ነው?

ባለመፍቻ

ከባድ አይደለም፣ መቸኮል ነው የሚያበላሸው። ኬዝ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት ማዘርቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጠህ ፕሮሰሰር፣ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላይ ብቻ ሰክተህ በውስጠኛው ግራፊክስ አስነሳው። ምስል ካየህ በኋላ ወደ ኬዝ። ይህን ዘሎ ሁሉን ከገጠመ በኋላ አልነሳ ያለው ሰው እንደገና ሁሉን ይፈታል።

ራም ሁለት ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ነው። ከላይ በግራ ጥግ ያለችውን ባለ 8 ፒን የፕሮሰሰር ገመድ ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ፋኑ ይዞራል፣ ምስል የለም። ከማዘርቦርዱ በታች የሚገቡት የነሐስ መቆሚያዎች ከቀዳዳዎቹ ጋር ብቻ ይግጠሙ፤ አንድ ትርፍ መቆሚያ ቦርዱን ሾርት ያደርገዋል። የፊት ዩኤስቢ 3 ሰፊውን ሶኬት አትግፋው፣ ፒኖቹ ይታጠፋሉ። ሁለተኛውን ኤም.2 ስትሞላ አንዳንድ ቦርድ ላይ አንድ ወይም ሁለት የሳታ ፖርት ይዘጋል፤ "ሃርድ ዲስኩ አይታይም" ከማለትህ በፊት ማኑዋሉን እይ። ኬብሉ ሞኒተሩ ላይ የሚገባው ከካርዱ ነው፣ ከማዘርቦርዱ አይደለም።

ባዮስ ውስጥ ሦስት ነገር፦ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራው) ይበራ፣ ሪሳይዘብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ እንዲያይ የሚያደርገው) ይበራ፣ አይጂፒዩ መልቲ-ሞኒተር የሚለው ይበራ። ይህ የመጨረሻው ካልበራ ካርድ ስትሰካ ውስጠኛው ግራፊክስ ይጠፋና ኩዊክ ሲንኩን ዊንዶውስ አያየውም። 14500ን የገዛኸው ለእሱ ነበር፣ ጠፍቶ መቅረቱን እንኳ ሳታውቅ ዓመት ትሠራለህ።

ከለሯ

ሙቀቱንም አስቡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነች፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በክብደት ያንሳል ማለት ነው። የምናያቸው የውጭ ግምገማዎች "78 ዲግሪ" ካሉ እዚህ ከዚያ ከፍ ብሎ ጠብቁት። የፋኑን ከርቭ ከፍ አድርጉ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣውን ትንሽ ማቀዝቀዣ ትታችሁ አራት የሙቀት ቧንቧ ያለው ታወር ያዙ። ከተማው ደግሞ ቁፋሮና ግንባታ ነው፤ ወንፊቱ ላይ በየወሩ ብሩሽ ካላገኘ ከላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ እንደ ጄኔሬተር ዞሮ ቦርዱን እንዳይጎዳ።

ሰርግ ቀራጭ

እጄን አላምነውም፣ ዝርዝሩን ሰጥቼ ሱቅ ነው የማስገጥመው። ስረከብ ምን ላስደርግ?

ባለመፍቻ

ካሜራህ የቀረጸውን 10 ደቂቃ የሦስቱን ፋይል በኤክስተርናል ኤስኤስዲ ይዘህ ሂድ፣ ፕሪሚየሩን ጭነህ። ታስክ ማናጀር ክፈት፣ "ፐርፎርማንስ"፣ ጂፒዩ። ውስጠኛውም ኤንቪዲያውም ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ መታየት አለባቸው። ራሙ ላይ የሚታየው ፍጥነት ካርቶኑ ላይ የተጻፈው መሆኑን እይ። ከዚያ የማርክ 4ቱን ክሊፕ አጫውት፤ "ቪዲዮ ዲኮድ" የሚለው ግራፍ ካልተነሳና ፕሮሰሰሩ ብቻ ከተቃጠለ ድራይቨሩ ወይም የፕሪሚየሩ ስሪት አሮጌ ነው፣ እዚያው ይታደስ። ቀጥሎ ሦስቱን መልቲካም አድርገህ ሙሉውን 10 ደቂቃ ኤክስፖርት አድርግ። ኤችደብልዩኢንፎ ጎን ለጎን ክፍት ይሁን፣ ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ እየነካ ፍጥነቱን ከቀነሰ ማቀዝቀዣው በትክክል አልተጫነም፤ ብዙ ጊዜ ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው ላስቲክ ሳይላጥ ቀርቶ ነው። በመጨረሻ ለኬዙና ለማዘርቦርዱ የመጡትን ካርቶኖች፣ ትርፍ ብሎኖችና የፓወር ሰፕላዩን ትርፍ ገመዶች አስረክበኝ በል። ገመዶቹን የሌላ ሞዴል ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰካቸው፤ ሶኬታቸው ይመሳሰላል፣ የፒን አደራደራቸው ግን ይለያያል፣ ዲስክ ያቃጥላሉ።

ፌዝና ኑትራል

የዩፒኤሱን መሰኪያ መንቀልም አትርሳ። ሦስት ጊዜ ብያለሁ፣ አንዴ አይደለም።